አዲስ የተገጠመ መስኮትና በር በዓይን ሲፈተሽ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት አሠርተው መስኮትና በር የሚረከቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ አከራካሪው።

ጉድለት ለመፈለግ ምን ያህል ርቄ ልቁም?

ነጠላ መስታወት ከ2 ሜትር፣ ድርብ ወይም ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠነከረ) መስታወት ከ3 ሜትር ርቀት ይታያል። ቤት ውስጥ ሆነው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ወደ ውጭ ይመልከቱ። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ደቂቃ ይበቃል። የአሉሚኒየም ፍሬም ቀለም ደግሞ የቤት ውስጡ ከ3 ሜትር፣ የውጭው ከ5 ሜትር ይታያል። እነዚህ ርቀቶች በአውሮፓ ደረጃዎችና በሙያ ማኅበራት የሚሠራባቸው ናቸው። ውልዎ ላይ ሌላ ካልተጻፈ አሠሪንም ሠራተኛንም የማይበድሉ መነሻዎች ናቸው።

ጉድለቱን ቀድሞ በማርከር ከብቦ ርቆ መቆም አይገባም፤ ምልክቱ ራሱ ዓይንን ይጎትታል። በ20 ሳንቲ ሜትር ተጠግቶ የሚያይ ሰው እንከን የሌለበት መስታወት አያገኝም። ስንጥቅ፣ የተሸረፈ ጠርዝና ጥፍር የሚይዝ ጭረት ግን በርቀት አይዳኙም፤ በየትኛውም ርቀት ቢታዩ ይመለሳሉ።

በስንት ሰዓት ላይ ማየት ይሻላል?

ቀጥተኛ ፀሐይ መስታወቱ ላይ በማያርፍበት ሰዓት። በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት ከሰዓት በኋላ፣ በምዕራብ በኩል ያለውን ጠዋት ይመልከቱ። ደሴ ላይ ጭጋግ በሚበዛባቸው ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መስታወቱ እርጥበት ስለሚይዝ ፍተሻው ያሳስታል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ትንሹን ጭረት ሁሉ ስለሚያበራው መልካሙን መስታወት መጥፎ ያስመስለዋል።

ለቀለምና ለብየዳ ግን ተቃራኒው ይሠራል። ፍሬሙ ላይ የስልክ መብራት ከጎን አስጠግተው፣ ብርሃኑ ገጹን እየላሰ እንዲያልፍ ቢያደርጉ ጉብታው፣ የቀለም ፍሳሹና ያልተስተካከለው ስቱኮ ይታያል። ይህ ችግር ያለበትን ቦታ ለማግኘት ነው እንጂ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርዱ በርቀቱና በቀን ብርሃን ነው።

ከመስታወቱ በፊት ምን ልለካ?

ፍሬሙ ቀጥ ብሎ መቆሙን። በመጀመሪያ ሁለቱን ሰያፍ፣ ከግራ ላይኛው ማዕዘን እስከ ቀኝ ታችኛው፣ ከዚያም ከቀኝ ላይኛው እስከ ግራ ታችኛው፣ በሜትር ይለኩ። እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ማዕዘኑን ጠብቋል። በተለመደ የመኖሪያ ቤት መስኮት ላይ ልዩነቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ያልፋል፤ ከዚያ ከበለጠ መዝጊያው አንድ ጥግ ላይ መፋቁ አይቀርም።

ቀጥሎ ውሃ ልክ ወይም ቱንቢ። በአንድ ሜትር ከ1.5 ሚሊ ሜትር፣ በጠቅላላው ርዝመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ማዘንበል የለበትም። ቱንቢውን በሁለት አቅጣጫ ይጣሉ፦ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን፣ አንዴ ከውስጥ ወደ ውጭ ያለውን ለማየት። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በመጨረሻ በመዝጊያውና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ይዩ። ለእንጨት በር ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ ከላይ 2 ሆኖ ከታች 6 ከሆነ ወይ ማጠፊያው ወይ መቃኑ ተሳስቷል።

በሩን ግማሽ ከፍቼ ስተወው በራሱ ይዘጋል ወይም ይከፈታል። ምን ማለት ነው?

ማጠፊያው ያለበት መቃን አዘንብሏል፣ ወይም ማጠፊያዎቹ በአንድ መስመር ላይ አልዋሉም። ጤነኛ በር በተዉት ቦታ ይቆማል። ነፋስ እንዳይረብሽ ሌላውን በርና መስኮት ሁሉ ዘግተው በ30፣ በ60 እና በ90 ዲግሪ ላይ ይሞክሩት። ማጠፊያውን አጣሞ "አስተካከልኩት" የሚል ሠራተኛ ችግሩን ለጥቂት ወራት ነው የሚያቆየው። መፍትሔው መቃኑን ፈትቶ በቱንቢ መልሶ ማቆም ነው፤ ይህም ልስን ከማለቁ በፊት ቢደረግ ርካሽ፣ ከቀለም በኋላ ግን ውድ ነው።

የአሉሚኒየሙ ማዕዘን ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ጉድለት ነው?

በ45 ዲግሪ የተቆረጡ ሁለት ቁርጥራጮች ሲገናኙ የፀጉር ያህል መስመር መታየቱ ያለ ነው። ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ግን ያለ አይደለም። የንግድ ካርድ ወይም ወፈር ያለ ወረቀት ይሞክሩ፤ ከገባ መቁረጫው ዲስክ ደንዝዟል፣ ማሽኑ ከ45 ዲግሪው ተናግቷል፣ ወይም በውስጥ የሚገባው የማዕዘን መያዣ በደንብ አልጠበቀም ማለት ነው። ሦስተኛው ከሆነ ማዕዘኑን በእጅ ሲገፉት ይንቀሳቀሳል።

ሁለቱ ቁርጥራጮች ከፍና ዝቅ ብለው ከተገናኙም በጣትዎ ይዳሱት፤ ጣት የሚይዝ ደረጃ ካለ መልሰው ያሠሩት። በሲሊኮን የተሞላ ማዕዘን ካዩ በተለይ ይጠንቀቁ። በፍሬሙ ቀለም የተመረጠ ሲሊኮን በርክክቡ ቀን ጥሩ መስሎ ይታያል፤ በአንድ ክረምት አቧራ ይዞ ይጠቁርና ክፍተቱን መልሶ ያሳያል።

መስታወቱ ላይ ያለ ጭረት የትኛው ያልፋል?

ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አግድም ይሳቡ። ጥፍር ካልያዘው፣ ከ2 ወይም ከ3 ሜትርም ካልታየ ያልፋል። ጥፍር ከያዘው አያልፍም፤ በፖሊሽ ልናወጣው እንችላለን ቢባልም ጥልቅ ጭረት ሲፋቅ ቦታው ጎድጎድ ይልና ከውጭ ያለውን ነገር አጣሞ ያሳያል። ከጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ባለው ክፍል ላይ ከመሐሉ ይልቅ መጠነኛ ትዕግሥት ማድረግ የተለመደ ነው።

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ መስታወት በመኪናው ላይ ቆሞ፣ ተደግፎና በመካከሉ ወረቀት ወይም ቡሽ ገብቶ መጓዝ አለበት። ተጋድሞ የመጣ መስታወት በየኩርባው እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ በመካከል የገባች አንዲት የአሸዋ ፍሬ ረጅም ጭረት ታወጣለች። ሲወርድ ይድረሱ።

አሉሚኒየሙ ላይ የተለጠፈውን ፕላስቲክ መቼ ልላጥ?

ልሰናና ቀለም እንዳለቀ፣ ያኔውኑ። ሰው ዕቃው አዲስ ይምሰል ብሎ ለወራት ይተወዋል፤ ፀሐይ ሙጫውን ያደርቀውና ፕላስቲኩ በትንንሽ ቁራጭ ካልሆነ አይላጥም። በኮምቦልቻ ሙቀት ይህ ፈጥኖ ይመጣል። ሥራው ከዘገየ ፀሐይ የሚያገኘውን የውጭ ገጽ ቀድመው ልጠው በአዲስ ወረቀት ቴፕ ይሸፍኑት። የቀረውን ሙጫ በነጭ ጋዝ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ፣ በማይታይ ቦታ ከሞከሩ በኋላ ያንሱት፤ ቤንዚንና ቲነር የዱቄት ቀለምን (በዱቄት ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገረውን የአሉሚኒየም ቀለም) ያደበዝዛሉ።

ሌላም ምክንያት አለ፦ ፕላስቲኩ ሳይላጥ ፍተሻ ተደረገ ማለት አይቻልም። "ሥር ያለው ደህና ነው" በሚል ቃል አይፈርሙ።

ሲሚንቶ የነካው ፍሬምና መስታወት ነጭ ሆኖ ቀረ። ይለቃል?

እርጥብ እያለ ከታጠበ ይለቃል። ከደረቀ ግን የተረፈው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ሳይሆን ጉዳት ነው። ሲሚንቶና ኖራ ከውሃ ጋር ሲገናኙ ብርቱ አልካሊ ይሆናሉ፤ ይህ አልካሊ አኖዳይዝድ የተደረገን (ገጹ በኤሌክትሪክ የተጠነከረን) አሉሚኒየም ይበላል፣ መስታወቱንም ያደበዝዛል። የዱቄት ቀለም ከአኖዳይዝድ ይልቅ ቢታገሥም ለቀናት አይችለውም። ከአዲስ ልስን ላይ የሚወርድ የዝናብ ውሃም ይህንኑ ያደርጋል፤ ቤቱ ሳያልቅ ክረምት ከገባ መስኮቶቹ ላይ ቁልቁል የወረዱ ነጫጭ መስመሮች የሚታዩት በዚህ ነው። ልሰና እየተካሄደ ሳለ በየቀኑ ማታ በብዙ ውሃ ማጠብ ከሁሉ ይሻላል።

በጣም የምንለምነው፦ የሴራሚክ ማጽጃ አሲድ ወደ መስኮት አያስጠጉ። ሲሚንቶውን ያነሳል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። ወለል ሲታጠብ የሚወጣው ጭስ ብቻውን ማጠፊያና ቁልፍ ያዝጋል፤ ስለዚህ ወለሉ በአሲድ የሚታጠብ ከሆነ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ብረታ ብረቱ ተሸፍኖ፣ ከዚያም ወለሉ በብዙ ውሃ ታጥቦ መሆን አለበት። የብረት ሱፍና ምላጭም እንደዚሁ ይቅሩ፤ በተለይ ቴምፐርድ መስታወት ላይ ምላጭ መጎተት ለጭረት መጋበዝ ነው።

መስታወቱ ላይ አሸዋ የሚመስሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጡ፤ ታጥበውም አልለቅ አሉ።

የግራይንደር ወይም የብየዳ ፍንጣሪ ነው። የበረንዳ መደገፊያ ወይም የደረጃ ብረት ከመስኮቱ አጠገብ ሲቆረጥ የሚረጨው የጋለ የብረት ቅንጣት መስታወቱን አቅልጦ ይቀመጣል። ያን ዕለት ጥቁር አቧራ ይመስላል፤ ዝናብ ወይም ጭጋግ ካገኘው በኋላ ይዝግና ቡናማ ይሆናል። በጣትዎ ሲዳብሱት ሻካራ ከሆነና ጨርቅ ካላነሣው ሌላ አይደለም። በምላጭ ቢነሣም የተቀመጠበት ጉድጓድ ይቀራል። የተጎዳው መስታወት ብዙ ከሆነ መቀየር እንጂ ማጽዳት አያድነውም።

በአሉሚኒየም ላይም ይኸው ይሆናል፤ ቀለሙን አቃጥሎ ይገባና የዝገት ነጥብ ይተዋል። ይህ ጉዳት በብዙ ቤቶች ላይ በመስኮት ሠራተኛው ይላከካል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በፊት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የሚቆረጠውን ብረት ከመስኮት አርቆ መቁረጥ፣ ካልተቻለ መስኮቱን በፓምፖሊ ወይም በረጠበ ጆንያ መሸፈን። ስስ ፕላስቲክ ፍንጣሪ አይመልስም፣ ይበሳዋል።

የኤልቲዜድ (በL፣ በT እና በZ ቅርጽ የወጣ) ብረት መስኮትና የላሜራ በር ላይስ ምን ልይ?

ብየዳው ተሞርዶ ከገጹ ጋር እኩል መሆኑን፣ ቀዳዳ አለመተዉን፣ በስቱኮ ብቻ አለመሸፈኑን። ጥርጣሬ ካለዎት በቁልፍ ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ስቱኮ ከሆነ ይፈረፈራል። ፀረ ዝገት ቀለሙ ከግድግዳው ጋር በሚጣበቀው ጀርባም መቀባት አለበት፤ ይህን ማየት የሚቻለው ከመገጠሙ በፊት ብቻ ነው። የዝገቱ መነሻ የታችኛው ማዕዘን ስለሆነ እዚያ ላይ ያለው ብየዳ ሙሉ መሆኑን በመብራት ይመልከቱ።

መስታወቱ በስቱኮ የተያዘ ከሆነ ቀለሙ ከስቱኮው አልፎ ወደ መስታወቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ አያስቧጭሩት። ውሃ በስቱኮውና በመስታወቱ መካከል እንዳይገባ የሚያሽገው ያ መስመር ነው። ያልተስተካከለ ወይም 1 ሳንቲ ሜትር የገባ ከሆነ ግን የቀለም ቀቢው ግድየለሽነት ነው።

የእንጨት በሩ በገባ በሦስት ወሩ ያልተቀባ መስመር አወጣ። ቀለሙ ነው ወይስ እንጨቱ?

እንጨቱ ነው፤ ሲደርቅ ጠቧል። እንጨት በወርዱ እንጂ በቁመቱ ብዙም አይጠብም፤ ስለዚህ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ የገባው ሰሌዳ ሲሸሸግ የነበረ ያልተቀባ ጠርዙ ብቅ ይላል። ደሴ ላይ በክረምት ተሠርቶ ሞቃት ወደሆነው ኮምቦልቻ የወረደ በር ይህን ማድረጉ አይቀርም። ለቤት ውስጥ በር እንጨቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል እርጥበት ላይ መድረስ አለበት፤ ብልህ አናጢ ደግሞ ሰሌዳውን ከመግጠሙ በፊት ዙሪያውን ይቀባዋል። ሰሌዳውን በሙጫና በምስማር አስሮ "እንዳይንቀሳቀስ አደረግኩት" ካለ ግን እንጨቱ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል።

የበሩን የላይና የታች ጠርዝ መቀባቱን ማን ያያል? መስታወት ወይም የስልክ ካሜራ በበሩ ሥር ያስገቡና ይመልከቱ። እንጨት እርጥበት በብዛት የሚጠጣው በጫፉ በኩል ነው። ያልተቀባ የታች ጠርዝ ለኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ለተጨመቀ ሰሌዳ) በር ደግሞ የባሰ ነው፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም።

ሲሊኮኑ ጥሩ መሠራቱን በምን አውቃለሁ?

ሳይቆራረጥ፣ በአንድ ስፋት፣ ሁለቱንም ጎን ይዞ መሄዱን ይዩ። ፍሬሙንና ግድግዳውን ለማገናኘት ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው። ከደረቀ በኋላ በጥፍር ጠርዙን ይሞክሩ፤ እንደ ክር ከተነሣ አቧራ ላይ ነው የተቀባው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ለእብነ በረድ ደፍ፣ ለልስንና ላልተቀባ ብረት አይሆንም፤ እብነ በረዱን ያበላሻል፣ ብረቱን ያዝጋል። ለእነዚህ ገለልተኛ ዓይነቱን ይጠይቁ።

በተንሸራታች መስኮት ታችኛ ሐዲድ ላይ ወደ ውጭ የሚወጡ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። ሥራውን ለማሳመር ብለው በሲሊኮን የሚደፍኗቸው አሉ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሐዲዱ ላይ ያፍስሱ፤ በውጭ በኩል መውጣት አለበት።

ጠዋት መስታወቱ ውስጡን ያልበዋል። ይህ የመግጠም ጥፋት ነው?

በውስጠኛው ገጽ ላይ ከሆነ አይደለም። የደሴ ሌሊት መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፣ የሰው ትንፋሽና የማዕድ ቤት እንፋሎት እዚያ ላይ ውሃ ይሆናሉ። አዲስ ቤት ከሆነ ደግሞ ልስኑና ኮንክሪቱ ለወራት እርጥበት ያወጣሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት ይረዳል። በድርብ መስታወት መካከል፣ ጨርቅ በማይደርስበት ቦታ ከሆነ ግን ማሸጊያው ተበላሽቷል፤ መስታወቱ በሙሉ ይቀየራል።

ከመስኮቱ ጥግ ግድግዳው ተሰነጠቀ። የመስኮት ሠራተኛው ነው የሚጠየቀው?

የስንጥቁ አቅጣጫ ይነግርዎታል። በፍሬሙ ዙሪያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ልስኑና ፍሬሙ መለያየታቸውን ያሳያል፤ በሁለቱ መካከል ሲሊኮን መግባት ሲገባው ልስን ገብቷል፣ ወይም ፍሬሙ በበቂ ብሎን አልተያዘም። ከጥጉ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ግን ከግድግዳው ነው፦ የላይኛው ማሰሪያ ኮንክሪት አጭር ነው፣ ወይም መሠረቱ አንድ ወገን ወርዷል።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ በሙሌት አፈር ላይ ያረፈ ቤት እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲያሳይ በስቱኮ ደፍኖ ዝም ማለት አይገባም። ስንጥቁ ላይ በእርሳስ ጫፉን አስምረው ቀን ይጻፉበት። በወሩ መስመሩን ካለፈ መሐንዲስ ይጥሩ፤ መስኮቱም ያልዘጋ ያለው በዚያው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ድርብ መስታወቱ ውስጥ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ተጣሞ ይታያል። መስታወቱ ጠማማ ነው?

ብዙ ጊዜ መስታወቱ አብጦ ነው። በድርብ መስታወት መካከል ያለው አየር በታሸገበት ቦታ ግፊት ላይ ይቀራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከፍታው ዝቅተኛ በሆነ አገር ታሽጎ በመርከብ የመጣ መስታወት እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሁኔታው ያን ያህል አይጎላም። ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በመስታወቱ ላይ አግድም ቢያስደግፉ መሐሉ ይነካና ጎኖቹ ክፍተት ይተዋሉ።

ማበጡ ማሸጊያውን ሁልጊዜ ስለሚወጥረው ከማስጠላቱ ይልቅ ዕድሜውን ማሳጠሩ ይብሳል። ሲያዝዙ የሚገጠምበትን ከፍታ በጽሑፍ ይንገሩ። በተቀራራቢ ከፍታ የታሸገ፣ ወይም ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቱቦ ያለው ይቀርብልዎታል።

ቴምፐርድ መስታወት ላይ የሚታይ ቀለል ያለ ሞገድ ከዚህ የተለየ ነው። መስታወቱ ከ600 ዲግሪ በላይ ግሎ በተሽከርካሪ ሲሊንደሮች ላይ ሲያልፍ የሚተርፍ ነው። በአንዳንድ ሰዓትና በፀሐይ መነጽር የሚታዩት ግራጫ ጠቃጠቆዎችም አየር ሲነፋበት የቀሩ ናቸው፤ ጉድለት ሆነው አይቆጠሩም።

ጉዳቱን መስኮት ሠራተኛው ያድርሰው ወይስ ከሱ በኋላ የገባው፣ እንዴት ይለያል?

ጭረቱ በአሉሚኒየሙ ፕላስቲክም ላይ ካለ ፕላስቲኩ ከተለጠፈ በኋላ የደረሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ደህና ሆኖ ሥሩ ከተጫረ ከፋብሪካው ወይም ከመቁረጫው ቤት ነው። ቅስት የሚሠሩ ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች አሸዋ በያዘ ጨርቅ የጠረገ ሰው ሥራ ናቸው። ትይዩ ቀጥ ያሉት የጉዞ ናቸው። ከታች አንድ ሜትር ከፍታ ላይ የተከማቹት ደግሞ ከመሰላልና ከልሰና ዕቃ ይመጣሉ።

ከክርክር የሚያድነው ግን ሁለት ጊዜ መረከብ ነው። የመጀመሪያው መስኮቱ እንደተገጠመ፣ ሌላ ሠራተኛ ሳይገባ፦ እያንዳንዱን መስኮት ቁጥር ሰጥተው ከ3 ሜትር አንድ፣ ከየማዕዘኑ አንድ አንድ ፎቶ ያንሱ፣ ልኬቱን ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ። ሁለተኛው ቀለም ካለቀና መስታወቱ ከታጠበ በኋላ በዚያው ቁጥር ቅደም ተከተል ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ለሁለተኛው ያቆዩ፤ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ደህና ተብሎ የተፈረመበትን ጉዳት ግን ከመስኮት ሠራተኛው ሒሳብ አይቁረጡ፤ ከእሱ በኋላ የገባውን ይጠይቁ።